የጉሮሮ ስትሬፕ ራፒድ ቴስት ኪት፦ ባክቴሪያውን ታያለች፣ መርዙን አታይም

ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት በእጄ ካለፉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ጉሮሮ ስትሬፕ ራፒድ ቴስት የምወደው የለም። ስትሬፕ የምንለው ጉሮሮ የሚያሳምመውን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ማሽን አትፈልግም፣ ሶኬት አትፈልግም። አንዲት ትንሽ ካርቶን ናት። የሚያለቅስ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት አስር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መልስ ሰጥተን እንሸኛታለን።

ዛሬ ስለዚች ኪት የምጽፈው ግን ላሞግሳት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በእሷ መልስ ተማምኜ ታናሽ ወንድሜን ላጣው ነበር። ኪቷ አልዋሸችም። እኔ ነኝ ያልተጠየቀችውን እንደመለሰች የቆጠርኩት። ይሄ ስህተት በብዙ ቤት እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የአምራቹን ስም አልጠራም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አሠራራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ የምለው ለሁሉም ይሆናል።

በመጀመሪያ ዕቃዋን ልግለጻት። ካርቶኑ ሲከፈት ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች፣ የፕላስቲክ ቱቦዎች፣ አንድ በአንድ የታሸጉ ስዋቦች (ናሙና መውሰጃ ጫፋቸው ጥጥ የሆኑ ዘንጎች)፣ በፎይል የተጠቀለሉ ስትሪፖች ይወጣሉ። ከታች ደግሞ የታጠፈች መመሪያ ወረቀት አለች። እኔ በምጠቀማት ኪት የአንደኛው ጠርሙስ ፈሳሽ ሮዝ ነው። የሁለተኛው ቀለም የለውም። ከሮዙ 4 ጠብታ፣ ከሌላው 4 ጠብታ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ሲገናኙ ሮዙ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ይለወጣል። ይህችን ቅጽበት እስካሁን አልጠገብኳትም። አንደኛው ሶዲየም ናይትራይት ነው፣ ሌላው አሴቲክ አሲድ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ናይትረስ አሲድ ይፈጠራል። የባክቴሪያው ግድግዳ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ፈልቅቆ የሚያወጣው ይሄ አሲድ ነው። ቀለሙ አልለወጥም ካለ አንዱን ጠርሙስ ሁለቴ አንጠባጥባችኋል ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃ ላይ፣ ዓይን በእንቅልፍ ሲከብድ፣ ይህች የቀለም ለውጥ ከብዙ ስህተት አድናኛለች። የሠራት ሰው እጁ ይባረክ።

ናሙና የተወሰደበትን ስዋብ ቱቦው ውስጥ አንድ ደቂቃ ታሻላችሁ፣ የቱቦው ግድግዳ ላይ ጨምቃችሁ ታወጣላችሁ፣ ስትሪፑን ታስገባላችሁ። ፈሳሹ በስትሪፑ ላይ እየተሳበ ሲወጣ ይታያል። በሲ ፊደል በኩል መስመር ከወጣ ስትሪፑ ሠርቷል። በቲ በኩልም ከወጣ ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ አለ። በ5 ደቂቃ ይነበባል። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚመጣን መስመር አትመኑት። በሰዓቱ የታየች ቀጭን፣ ፈዛዛ መስመር ግን መስመር ናት። «ትንሽ ፖዘቲቭ» የሚባል ነገር የለም።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱም ቶንሲሎች፣ ከዚያ የጉሮሮው የኋላ ግድግዳ መነካት አለባቸው። ምላስና ጉንጭ አይነኩም። ታካሚው ትንሽ ካልተናነቀ ቦታው ላይ አልደረስኩም ብዬ እደግመዋለሁ። ልጅን አሳዝኖ ሳይነኩ መመለስ ደግነት አይደለም። ባዶ ስዋብ ባዶ መልስ ነው የሚሰጠው።

ትክክለኛነቷ እንዴት ነው? በ2016 የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ በልጆች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ፣ ኮክሬን የተባለ የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት ግምገማ አለ። ስትሬፕ ካለባቸው 100 ልጆች ወደ 86 የሚሆኑትን እንዲህ ያሉ ምርመራዎች ያገኟቸዋል። ከሌለባቸው 100 ደግሞ ወደ 95ቱን በትክክል «የለም» ይላሉ። ስለዚህ ልጅ ላይ ኔጌቲቭ ሲወጣና ሐኪሙ ሲጠረጥር ናሙናው ወደ ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ ወደሚያሳየው ምርመራ፣ ይሄዳል። የደም አጋር በሚባል፣ ደም በተቀላቀለበት ማብቀያ ላይ ይዘራል፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠበቃል። ፖዘቲቭ ስትል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ባክቴሪያውን ጉሮሯቸው ውስጥ ይዘው ምንም ሳይሆኑ የሚኖሩ ልጆች አሉ። ጤነኛ ልጅን ዝም ብሎ መመርመር ለዚህ ነው የማይመከረው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የተለመደ ግምገማ ነው። ለጉሮሮ ሕመም ኪቷ ጎበዝ ናት፣ ከልቤ እመሰክራለሁ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ።

ሰኞ ዕለት የወንድሜ ልጅ፣ የ7 ዓመቱ፣ ጉሮሮውን አመመው። መረመርኩት። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ደማቅ መስመር ወጣች። ሐኪም አይቶት መድኃኒት ጀመረ፣ በሁለት ቀን ተሻለው። ሐሙስ ዕለት ወንድሜን የመኪና በር ባቱ ላይ መታው። አልደማም፣ ቆዳው አልተላጠም። አሻሸውና ረሳው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ያንቀጠቅጠው ጀመር። አስመለሰው፣ ተቅማጥም ያዘው። የሕመም ማስታገሻ ውጦ ትኩሳቱ ወረድ አለ። እግሩን ግን አልቻለውም።

«እቴ፣ በጋለ ብረት የሚወጉኝ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

ሱሪውን ሰብስቤ አየሁት። የእንቁላል ስፋት ያላት የበለዘች ቦታ ናት ያለችው። ዙሪያዋ ትንሽ ሞቅ ይላል። ቆዳው ደህና ነው። እንዲህ የሚያስጮህ ነገር ምኑም ላይ የለም። የኔ ሐሳብ ግን ልጁ ላይ ነበር። ልጁ ስትሬፕ ይዞት ነበር፣ አባቱም ከሱ ተጋብቶበት ይሆናል አልኩ። ኪቷን አወጣሁ፣ ጉሮሮውን ነካሁ፣ ጠብታዎቹን ቆጠርኩ፣ ቢጫው መጣ፣ 5 ደቂቃ ጠበቅኩ። በሲ በኩል አንዲት መስመር ብቻ። ሰዓቱ እስኪያልፍ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ንጹሕ ኔጌቲቭ።

«አይዞህ፣ ስትሬፕ አይደለም» አልኩት። «ጉንፋን ነገር ነው፣ እግርህም ብልዝ ነው።»

ይህን ስናገር ራሴን አስታውሰዋለሁ። ጓንቴን እያወለቅኩ ነበር።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለችልኝ። ነገር እያቀላቀለ ነው አለች። ስደርስ የልጁን ስም ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ግፊቱ 78 በ 40 ነበር። ደረቱ ላይ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል ቅላት ወጥቷል፣ በጣት ሲጫኑት ይነጣል። ለሐኪሟ መጀመሪያ የነገርኳት ስለ ኪቷ ነበር። «ጉሮሮውን መርምሬዋለሁ፣ ኔጌቲቭ ነው» አልኳት።

«ጉሮሮውን ለጊዜው ይተዉት» አለችኝ በትሕትና። «እግሩን መቼ ነው ያመመው?»

ጣቷ ባቱን ገና ሳይነካ ጮኸ። በእስክሪብቶ የቅላቱን ዳር ከበበችው። ከአንቲባዮቲኩ በፊት ለካልቸር ደም ተወሰደ። ግሉኮሱ በሁለት እጁ ተከፈተ። የቀዶ ሐኪም ተጠራ። ጠዋት ወጥቶ ከሚታየው የደም ውጤት ውስጥ ፕሌትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) 82 ሺህ ነበር፣ ከ150 ሺህ በላይ መሆን ሲገባው። የኩላሊቱ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። በማግስቱ የካልቸር ማሽኑ ጮኸ። ባልደረባዬ «ነይ እዪው» አለችኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ክብ ነጠብጣቦች፣ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተርታ ተሰክተው። ስትሬፕቶኮከስ። ጉሮሮው ውስጥ አልነበረም። ደሙ ውስጥ ነበር።

ይሄ ሕመም ስትሬፕቶኮካል ቶክሲክ ሾክ ይባላል፤ በስትሬፕቶኮከስ መርዝ ግፊት የሚወድቅበት ማለት ነው። ከሚያዙት ሰዎች እስከ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ባክቴሪያው በየት እንደገባ አይታወቅም። ቆዳ ያልቀደደ ብልዝ ወይም የተሳበ ጡንቻ ላይ ሄዶ ሥር የሚሰድበት ጊዜ አለ። እኔ የሌለበት ቦታ ነው የፈለግኩት።

እስቲ አሁን ኪቷ ምን እንደምታይና ምን እንደማታይ ላስረዳ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስትሪፑ የሚይዘው ያንን ከግድግዳው የተፈለቀቀውን ስኳር ነው። ሬቤካ ላንስፊልድ በ1933 ስትሬፕቶኮከሶችን በቡድን የከፈለችው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው። ቡድን ኤ የምንለው ስኳሩ የሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ስኳሩ እንደ ስም ነው። ምንም የማያደርገውም፣ ገዳዩም ቡድን ኤ ከሆነ ያው ስኳር አለው። ሁለቱም ስትሪፑ ላይ ያችኑ መስመር ያወጣሉ። የመስመሯ ድምቀትም የባክቴሪያውን ብዛት ቢጠቁም እንጂ ክፋቱን አይነግርም።

ክፋቱ ያለው በሚረጨው መርዝ ላይ ነው። እነዚህ መርዞች ሱፐርአንቲጅን ይባላሉ። ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ከደርዘን ያላነሱ የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ስፔ-ኤ፣ ስፔ-ሲ፣ ስሜ-ዜድ እያሉ ይጠሯቸዋል። አንዳንዶቹን ባክቴሪያው ከራሱ አላመጣቸውም። እንደ ስፔ-ኤና ስፔ-ሲ ያሉትን ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘው የሚዞሩት። ትናንት ያልነበረው መርዝ ዛሬ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

የሚሠሩትን ተንኮል ደግሞ እዩልኝ። በደህናው ጊዜ የሰውነታችን ጥበቃ ቁጥብ ነው። አንድ ሴል የጀርሙን ቁራጭ በእጁ ይዞ ያሳያል። ቲ ሴሎች የሚባሉት የጥበቃው ነጭ የደም ሴሎች እየመጡ ያዩታል። ቁራጩ የሚገጥመው ለጥቂቱ ብቻ ነው፣ ከአስር ሺህ ለአንዱ ወይም ከዚያም ላነሰ። እሱ ይነቃል፣ ይባዛል፣ ሥራውን ይሠራል። ሌላው አርፎ ይቀመጣል። ሱፐርአንቲጅን ግን ቁራጩን ማየት አያስፈልገውም። አሳዪውን ሴልና ቲ ሴሉን ከጎን በኩል ይዞ ያጣብቃቸዋል። ቲ ሴሉም «አየሁት፣ አወቅኩት» ብሎ ይነሳል፣ ምንም ሳያይ። እንዲህ ሆኖ ከቲ ሴሎች ከአምስት አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሰፈር ውስጥ ሌባ ገባ ሲባል አንድ ዘበኛ መነሳት ሲገባው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በጨለማ ዱላ ይዞ ወጣ በሉት። ሌባው ይመታ አይመታ አይታወቅም። ቤቱ ግን ይፈርሳል።

የነቁት ሴሎች ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪንና ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባሉ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን በገፍ ይለቃሉ። ትኩሳቱ፣ ማስመለሱ፣ ጡንቻ መቆረጣጠሙ ከዚህ ነው። ከዚያ ደም ስሮች እንደ ወንፊት ያፈሳሉ። የደሙ ውሃ ወደ ሥጋው ይወጣል። ግፊት ይወርዳል። ኩላሊት ደም ያጣል፣ ሳንባ ውሃ ያዝላል፣ ፕሌትሌት ያልቃል። የወንድሜ 78 በ 40 የመጣው ደም ፈሶት አይደለም። ጠብታ ደም አልፈሰሰውም። ውሃው ከደም ስሩ ወጥቶ ሥጋው ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን ፊቱ አብጦ ሚስቱ ደንግጣ «ይሄ እሱ ነው?» አለች።

ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው መርዝ እጅግ ትንሽ ነው። ስሜ-ዜድ በላቦራቶሪ ሲፈተን በጣም ባነሰ መጠን ቲ ሴልን ከሚቀሰቅሱት ሱፐርአንቲጅኖች አንዱ ነው። ባለሙያ ሆኜ እንኳ ይሄን ሳስብ ይከብደኛል።

መርዙ አዲስ አይደለም። ጆርጅና ግላዲስ ዲክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1920ዎቹ የስካርሌት ፊቨርን ቀይ ሽፍታ የሚያመጣው የስትሬፕቶኮከስ መርዝ መሆኑን አሳይተዋል። በ1989 ስቲቨንስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በሾክ ስለወደቁ 20 ሕሙማን ሲጽፉ ያው የድሮው የስካርሌት ፊቨር መርዝ፣ ስፔ-ኤ፣ ከብዙዎቹ ባክቴሪያ ተገኘ። በዚያው ዓመት ነው ማራክና ካፕለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር «ሱፐርአንቲጅን» የሚለውን ስም ያወጡት። በ1990 የአሻንጉሊት ትርኢት ሠሪው ጂም ሄንሰን በ53 ዓመቱ በዚሁ ባክቴሪያ ሞተ። ብዙ ሰው የሕመሙን ስም ያን ጊዜ ነው የሰማው። በ2019 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የተለየ አንድ ዝርያ ተለይቶ ታወቀ። ከቀድሞ ዘመዱ በዘጠኝ እጥፍ የሚበልጥ ስፔ-ኤ ያመርታል። የኛ ስትሪፕ ላይ ይሄኛውም፣ ያኛውም ዝርያ አንድ ዓይነት ሮዝ መስመር ነው የሚያወጣው።

ወንድሜ ድኖ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለብዙ ሳምንት አንድ ነገር ስመኝ ነበር። መርዙን የምታይ ኪት ቢሠሩልኝ አልኩ። ስትሪፑ ላይ ሦስተኛ መስመር፣ «ይሄኛው አደገኛ ነው» የምትል። ስገባበት ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። አብዛኞቹ የቡድን ኤ ዝርያዎች ቢያንስ አንድ ሁለት የሱፐርአንቲጅን ጂን አላቸው። ሦስተኛዋ መስመር ብትኖር ኖሮ ለወንድሜ ልጅም በወጣች ነበር። እሱ ደግሞ በሁለት ቀን ኳሱን ይዞ ወጥቷል። ልዩነቱ ከሰውየውም ጭምር ነው የሚመጣው። መርዙን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ፣ በደም ውስጥ የሚዞር የጥበቃ ፕሮቲን፣ ያለው ሰው አለ፣ የሌለው አለ። በ2002 የወጣ ጥናት ደግሞ ያ ቁራጩን ይዞ የሚያሳየው እጅ፣ ኤችኤልኤ የሚባለው፣ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንዳንዱ ሰው ለከባዱ ሕመም የተጋለጠ፣ አንዳንዱ የተጠበቀ እንደሆነ አሳይቷል። አንድ ባክቴሪያ፣ አንድ ቤት፣ አባትና ልጅ፤ የደረሰባቸው ግን ሌላና ሌላ። ይሄን ካርቶን ውስጥ የሚገባ ስትሪፕ አይነግረንም።

ስለዚህ ሰውየውን ማየት ነው ያለብን። ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ ትኩሳትና ማስመለስ ከአንድ ቦታ ከባድ ሕመም ጋር ከመጡ፣ ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል ቅላት ከወጣ ኪት አይከፈትም። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በዚህ ሕመም ሰዓት ዋጋ አለው። ሾክ ውስጥ ከሚገቡት ከአስር ሦስት የሚሆኑት፣ በአንዳንድ ዘገባዎችም ከዚያ በላይ፣ ይሞታሉ። ይሄን ቁጥር የተማርኩት ትምህርት ቤት ነበር። ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የገባኝ።

ሐኪሟ የሰጠችውን መድኃኒት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መርዙን የሚያስታውስ ሕክምና ነው። ፔኒሲሊን ነበር፤ ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ለፔኒሲሊን እስከ ዛሬ አልደነደነም። ግን ብቻውን አልሰጠችም፣ ክሊንዳማይሲን ጨመረችበት። ለምን አልኳት። ፔኒሲሊን የሚገድለው እየተባዛ ያለን ባክቴሪያ ነው። ብዛቱ ሞልቶ መባዛቱን ቀስ ሲያደርግ ፔኒሲሊን ይደክማል። ሃሪ ኢግል የተባለ ተመራማሪ ይሄን ያየው በ1952 ነው፣ በአይጦች ላይ። ክሊንዳማይሲን ግን ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ቦታ ነው የሚዘጋው። መርዙ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያው ገና ሳይሞት መርዝ ማምረቱን ያቆማል። ይሄን ስትነግረኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ከዚያ ሌሊት ውስጥ መጀመሪያ ትንፋሼ የተመለሰው ያኔ ነው።

ከብዙ ሰው ደም የተሰበሰበ አንቲቦዲም በደም ስር ተሰጠው። ሐሳቡ ቀላል ነው። እሱ የሌለውን መርዝ ማክሸፊያ ከሌላ ሰው መበደር። ጥናቶቹ ትናንሽ ስለሆኑ ሐኪሞች አሁንም ይከራከሩበታል። የመጀመሪያው በዕጣ የተከፈለ ጥናት፣ በ2003 የወጣው፣ 21 ሕሙማን ብቻ ነው የነበሩት፤ በቂ ሰው ስላልተገኘ በጊዜ ተቋርጧል። ውጤቱ ግን ወደ ጥቅም ያጋደለ ነበር። የቀዶ ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ባቱን ከፍቶ የሞተውን ሥጋ አወጣ። እውነቱን ለመናገር ከመድኃኒቱ እኩል ያዳነው ያ ቢላ ይመስለኛል።

9 ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የጣቶቹ ጫፍ ቆዳ ይላጥ ጀመር። እንደ ስስ ወረቀት፣ ከጥፍሩ ሥር ተነስቶ። ደንግጦ ሲያሳየኝ እኔ ደስ አለኝ። መርዙ ሲያልፍ የሚተወው ምልክት ነው፣ ስካርሌት ፊቨር የያዛቸው ልጆችም እንዲሁ ይላጣሉ። አሁን ይሄዳል። ባቱ ላይ ረጅም ጠባሳ አለው፣ ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል።

ወደ ኪቷ ልመለስ፣ ግምገማው የሷ ነውና። ቅሬታዬ በመመሪያ ወረቀቷ ላይ ነው። ወረቀቱ የአሠራሩን ሥዕል በትልቁ ያሳያል፣ ጥሩ ነው። ምርመራው ለጉሮሮ ናሙና ብቻ መሆኑን፣ ውጤቱ ከታካሚው ምልክት ጋር መታየት እንዳለበትም ጽፏል። ግን የት? ከኋላ ገጽ፣ ከታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል። 11 ዓመት ስጠቀምባት ያንን አንቀጽ በደንብ ያነበብኩት ወንድሜ ከተኛ በኋላ ነው። ያ አንቀጽ ካርቶኑ ክዳን ላይ፣ ከምርቱ ስም ጎን መሆን አለበት። «ኔጌቲቭ ማለት ጉሮሮው ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ የለም ማለት አይደለም» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ለአምራቹ ይሄንኑ ጽፌ ልኬያለሁ።

በተረፈ ዕቃዋ ላይ እንከን አላወጣም። ስዋቦቹ አይሰበሩም፣ ጠርሙሶቹ አያፈሱም፣ የሲ መስመር አንድም ቀን ቀርታብኝ አታውቅም። ፎይሉ ቀድሞ የተከፈተ ስትሪፕ እርጥበት ስለሚስብ አትጠቀሙበት። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ የማይበልጥ ቦታ አስቀምጧት። ክሊኒክ ላላችሁ፣ ብዙ የጉሮሮ ሕመም ለሚመጣባችሁ፣ ዓይኔን ሳላሽ እመክራታለሁ። አንቲባዮቲክ ያለ ቦታው እንዳይሰጥ የምታደርገው ነገር ቀላል አይደለም። ለቤት መግዣ ግን አልመክርም። ቤት ውስጥ ኪት ያለው ሰው፣ እንደኔ፣ ሰውየውን ትቶ ስትሪፑን ያያል።

አሁን አዲስ ካርቶን በከፈትኩ ቁጥር ክዳኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፦ «ሌላ የሚያምህ ቦታ አለ?» ስዋቡን ከመቅደዴ በፊት ታካሚውን እጠይቀዋለሁ። ባለፈው አዲስ የተቀጠረች ልጅ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ከመኪናው በር ጀምሬ ነገርኳት።